የፊልም ሙያ ትምህርትና መንግሥት በኢትዮጵያ፤ አጭር ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ታሪክ የተጻፉት ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከአዳራሹ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የሲኒማ ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ያወሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የፊልሞቹን ስምና የተሠሩበትን ዘመን ይዘረዝራሉ። የተመልካቹና የፊልሙ ታሪክ በዚህ መንገድ ሲነገር የባለሙያው ታሪክ ግን ተዘንግቶ ይቀራል። ፊልም የሚሠራው ሰው ሙያውን ከማን ተማረ? የትምህርቱን ወጪ የቻለው ማነው? የተማረውንስ ለተከታዩ የሚያስተላልፈው በየትኛው ቤት ነው?

ይህ አጭር ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የተነሣ ነው። ለማሳየት የሚሞክረውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መንግሥታችን ለፊልም ገንዘብ ባወጣበት ዘመን መሥሪያ ቤት እንጂ ትምህርት ቤት አለማቆሙን፣ መሥሪያ ቤቱም ሲዘጋ የተከማቸው ሙያ አብሮ መበተኑን ነው። የእኛን ታሪክ ከሌሎች አገሮች ታሪክ ጋር ለማነጻጸር እንዲመች ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተሰጥተዋል።

የመንግሥት የፊልም ትምህርት ቤት አጀማመር

በመንግሥት ወጪ የሚተዳደር የፊልም ትምህርት ቤት መጀመሪያ የተከፈተው በ1919 በሞስኮ ነው። ጊዜው የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ነበረ ከውጭ አገር ይገባ የነበረው ጥሬ ፊልም ተቋርጦ ነበር። እንግዲህ ፊልም የሌለው የፊልም ትምህርት ቤት ምን ያስተምራል? ከመምህራኑ አንዱ የነበረው ሌቭ ኩሌሾቭ ተማሪዎቹን «ፊልም የሌለበት ፊልም» ያሠራቸው ነበር። ተዋንያኑ በመድረክ ላይ ሆነው፣ ካሜራ የሚያነሣቸው ይመስል ትዕይንቱን በአጫጭር ቁራጮች ከፍለው ይጫወቱ ነበር። ከዚህም ተማሪዎቹ አንድ ሥዕል ከሌላው ሥዕል ጐን ሲቀመጥ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ተረዱ፤ ይህም በኋላ የዓለም የፊልም ትምህርት አንደኛው መሠረት ሆነ። ነገሩን ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ትምህርት ቤቱ የቆመው በመሣሪያው ብዛት ሳይሆን በመምህሩና በተማሪዎቹ መሰብሰብ መሆኑን ያሳያል።

በዚህ ትምህርት ቤት አንድ መምህር አንድ የተማሪዎች ቡድን ተቀብሎ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው ይመራል። ተማሪው ሠርቶ ያመጣውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያሳያል፤ ይነቀፋል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሠራል። ይህ አካሄድ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ጉድለቱን ነቅሶ ያርምለታል። ማን ከማን እንደ ተማረም በየትውልዱ በቃል ሲነገር ይኖራል። ሙያ በመጽሐፍ ብቻ የማይተላለፍ ሲሆን እንዲህ ያለ የመምህራን ሐረግ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከህንድ የተገኘ ነው። ፕራብሃት የሚባለው የግል የፊልም ኩባንያ በ1930ዎቹ በፑኔ ከተማ ስቱዲዮ ሠርቶ ብዙ ፊልሞች ካዘጋጀ በኋላ በ1950ዎቹ ሥራው ተቋረጠ። የህንድ መንግሥት ግቢውን ተረክቦ በ1960 የፊልም ኢንስቲትዩት ከፈተበት። የከሠረው ኩባንያ አዳራሾች የመማሪያ ክፍሎች ሆኑ፤ በግቢው ካለው ትልቅ ዛፍ ሥርም ዕውቁ የቤንጋል ፊልም አዘጋጅ ሪትዊክ ጋታክ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። አዱር ጎፓላክሪሽናን፣ ማኒ ካውልና ኩማር ሻሃኒ ከዚያ የወጡ ናቸው። ኩባንያው ቢሞትም ግቢው ሙያን የሚያስተላልፍ ሆኖ መቅረቱን አንባቢው እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነውና።

በአገራችን፤ ከአዳራሽ እስከ ኮርፖሬሽን

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ኪነ ጥበብን በመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተማር አሳብ ከጦርነቱ በኋላ በሚገባ የታወቀ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአቶ አለ ፈለገ ሰላም ጥረት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱም ቆይቶ የቅዱስ ያሬድን ስም ይዞ ተደራጀ። ሁለቱም ኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለዋል። ሥዕል ለመማር የፈለገ ወጣት የሚያንኳኳው በር ነበረው፤ ክራርም ሆነ ፒያኖ ለመማር የፈለገም እንዲሁ።

ለፊልም ግን እንዲህ ያለ በር አልነበረም። በ1960ዎቹ አጋማሽ አቶ ኢላላ ኢብሳ ያሠሩት «ሂሩት አባቷ ማነው?» የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ሆኖ ሲታይ ዝግጅቱን የመራው ግሪካዊ ባለሙያ ነበር። በ1970ዎቹ «ጉማ»ን ያዘጋጁት ሚሼል ፓፓታኪስም የግሪክ ትውልድ ያላቸው ነበሩ። ይህን የምጠቅሰው የባለሙያዎቹን ዘር ለመቁጠር አይደለም፤ ሙያው በአገር ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ስላልነበረ ዕውቀቱን ከውጭ ወይም ከግል ዕድል ያገኘ ሰው ብቻ ሊሠራው ይችል እንደ ነበረ ለማመልከት ነው።

ከ1974 አብዮት በኋላ መንግሥት ለፊልም የሰጠው ትኩረት ጨመረ። በ1978 የኢትዮጵያ የፊልም ማዕከል ተቋቋመ፤ በ1986ም ይኸው ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተዛወረ። ካሜራ፣ የድምፅ መሣሪያና የመቀነባበሪያ ክፍል ያለው፣ ሠራተኛው ደመወዝ የሚቈረጥለት ድርጅት ተገኘ ማለት ነው። ዘጋቢ ፊልሞች ተሠሩ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም በአቶ ሰሎሞን በቀለ ወያ አዘጋጅነት «አስቴር» የተባለው በ35 ሚሊ ሜትር የተነሣ ረጅም ፊልም ለሕዝብ ታየ። ባለሙያዎቹ ግን ከየት ይመጡ ነበር? መልሱ የነጻ ትምህርት ዕድል ነው። በዚያ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ከተላኩት እጅግ ብዙ ተማሪዎች መካከል የፊልም ሙያ የተማሩም ነበሩባቸው። መንግሥት ሙያውን የሚገዛው ከሌላው አገር ትምህርት ቤት ነበር፤ በአገሩ ያቆመው ሙያው የሚሠራበትን ቢሮ ነው።

ሁለት አገሮች በአንድ ዓመት

የ1978 ዓመት ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አድርገን ስንመለከት ትልቅ ትርጉም ያገኛል። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ የፊልም ማዕከል ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ። በዚያው ዓመት ደግሞ በአክራ የጋና መንግሥት የአገሪቱን የፊልምና የቴሌቪዥን ኢንስቲትዩት በአዋጅ አቋቋመ። በምዕራብ ጀርመን ከሚገኘው ከፍሪድሪክ ኤበርት ድርጅት እርዳታ ተገኝቶ ነበር፤ ተማሪዎቹም ዝግጅት፣ ካሜራ፣ ቅንብርና ድምፅ ይማሩበት ጀመር።

ስለዚህ ልዩነቱ የድህነትና የሀብት ልዩነት አይደለም። ጋናም በዚያን ጊዜ በወታደር መንግሥት ሥር የነበረች፣ ኢኮኖሚዋም የተናጋ አገር ነበረች። ልዩነቱ ፊልም ምንድን ነው ተብሎ እንደ ታሰበ የሚያሳይ ነው። የእኛ መንግሥት ቴአትርን የሚማሩት ጥበብ አድርጎ ሲቈጥረው ፊልምን ግን መልእክት ማድረሻ መሣሪያ አድርጎ የቈጠረው ይመስላል። ለመሣሪያ የሚያስፈልገው ኦፐሬተር ነው፤ ለጥበብ ግን መምህር ያስፈልገዋል።

የሁለቱም አገሮች የፊልም ድርጅቶች መጨረሻ ተመሳሳይ ሆነ። የጋና ፊልም ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን በ1996 አብዛኛው ድርሻው ለማሌዢያ የቴሌቪዥን ኩባንያ ተሸጠ። የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንም በ1990ዎቹ መጨረሻ እንዲፈርስ ተደረገ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ድርጅቶች ትርፍ ካላመጡ እንዲሸጡ ወይም እንዲዘጉ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይታዘዝ ነበርና የሁለቱ ዕጣ አንድ መሆኑ አያስገርምም። የተለየው ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር ነው። በአክራ ኮርፖሬሽኑ ሲሸጥ ትምህርት ቤቱ በቦታው ቀረ፤ ማስተማሩን ሳያቋርጥ ቆይቶም የዩኒቨርሲቲ አካል ለመሆን በቃ። በአዲስ አበባ ኮርፖሬሽኑ ሲፈርስ ግን በስሩ የሚያስተምር ቤት ስላልነበረ በሃያ ዓመት የተከማቸው ልምድ በየባለሙያው ራስ ውስጥ ብቻ ቀረ። አንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዱ ወደ ማስታወቂያ ሥራ ሄደ፣ አንዱም አገር ለቀቀ። የፑኔን ግቢ እዚህ ላይ እናስታውስ፤ እዚያ የሞተው ኩባንያ ትምህርት ቤት ሆነ፣ እዚህ ግን ሕያው የነበረው ሙያ ያለ ትምህርት ቤት ቀረ።

በውጭ አገር የተማሩት

የኢትዮጵያ ስም በዓለም የፊልም መድረክ የተጠራባቸው ሥራዎች በሌሎች አገሮች ትምህርት ቤቶች በተማሩ ሰዎች የተሠሩ ናቸው። ከሁሉ የታወቁት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በ1946 በጎንደር ተወልደው፣ አባታቸው ቴአትር ደራሲ ስለ ነበሩ በዚያ አካባቢ አድገው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በቺካጎ የቴአትር ትምህርት ጀምረው ወደ ሎስ አንጀለስ በማለፍ በካሊፎርኒያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን የባለርስትና የጭሰኛ ታሪክ በኢትዮጵያ ገጠር በጥቁርና ነጭ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያነሡት ገና ተማሪ ሳሉ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወድቆ አዲሱ ሳይጠና ነበር። ፊልሙ በ1976 ታየ።

ከዚህ ታሪክ ለጥናታችን የሚጠቅመው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዩኒቨርሲቲው ያገኙት ከካሜራ የሚበልጥ ነገር መሆኑ ነው። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ሌሎችም ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በዚያው ቤት ነበሩ፤ አንዱ በሌላው ፊልም ላይ ያለ ክፍያ ይሠራ ነበር። ፕሮፌሰር ኃይሌ በዚያ ዘመን ያዘጋጁትን «ቡሽ ማማ» በካሜራ ካነሡት አንዱ በርኔት ነው። ሁለተኛው፣ ሐረጉ የቀጠለበት ቦታ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ2016 የወጣውን «አራይቫል» የተባለውን ፊልም በካሜራ ያነሣው፣ ለዚህም ለኦስካር ሽልማት የታጨው ብራድፎርድ ያንግ ተማሪያቸው ነበር። የአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር የሙያ ልጆች በዋሽንግተን ሲበዙ፣ በአዲስ አበባ ግን ተቀብሎ የሚያስተምራቸው ክፍል አልነበረም።

ተመሳሳይ ምሳሌ በካሜራ ሙያ የታወቁት አቶ አብርሃም ኃይሌ ብሩ ናቸው። ሙያቸውን በሆላንድ ተምረው፣ የቻድ አዘጋጅ ማሃማት ሳሌህ ሃሩን በ2002 እና በ2006 ያወጣቸውን «አቡና» እና «ዳራት» የተባሉ ፊልሞች አነሡ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በአዲስ አበባ ብሉ ናይል የተባለ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ መሠረቱ። የግል ሰው የመንግሥትን ጐደሎ ሊሞላ ሲሞክር የሚታይበት ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። በ2015 በካን የፊልም በዓል በይፋ ተመርጦ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነውን «ላምብ»ን ያዘጋጁት አቶ ያሬድ ዘለቀም የተማሩት በኒው ዮርክ ነው።

ትምህርት ቤት በሌለበት ሙያ እንዴት ይለመዳል

ኮርፖሬሽኑ ከተዘጋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቪዲዮ ካሜራ የተነሡ የአማርኛ ፊልሞች ወደ ሲኒማ ቤቶች ገቡ። «ጉዲፈቻ» እና የአቶ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሕዝቡን በሰልፍ ካቆሙት መካከል ናቸው። ያለ መንግሥት ገንዘብ የፊልም ገበያ ተፈጠረ። ለገበያው ተዋንያንና ደራስያን በብዛት የሰጠው ደግሞ በ1978 የተከፈተው የቴአትር ትምህርት ክፍልና የቴአትር ቤቶቹ ናቸው። ይህም በራሱ ምስክር ነው፤ ትምህርት በተሰጠበት በኩል ሰው ተገኘ፣ ትምህርት ባልተሰጠበት በካሜራ፣ በድምፅና በቅንብር በኩል ግን ጉድለቱ ለተመልካች ሁሉ ይታይ ነበር።

በካሜራና በቅንብር በኩል ወጣቱ የሚማርበት ቤት የሠርግ ቪዲዮ ቤት ሆነ። እኔ በምኖርበት በመካኒሳ አቦ ሠፈር ይህን መንገድ በዐይን ማየት ይቻላል። ልጁ መጀመሪያ መብራትና ገመድ ይሸከማል፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን ካሜራ ይይዛል፤ እጁ ሲፈታ በኮምፒዩተር ማቀናበር ይጀምራል። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ በአንድ ሳምንት የሚያገኘው ልምምድ ትንሽ አይደለም። ሙሽራዪቱ ከቤት ስትወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ንቁ መሆንን፣ ብርሃን በየሰዓቱ መለወጡን፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራትን ይማራል። ይህን ትምህርት መናቅ አይገባም።

ነገር ግን የማይሰጠውም ብዙ ነው። አለቃው «እዚህ ቁም» ይለዋል እንጂ ለምን እዚያ እንደሚቆም አይነግረውም፤ ለመንገርም ጊዜ የለውም። ደንበኛው የሚፈልገው ያለፈው ሳምንት ሠርግ ዓይነት ነውና አዲስ ነገር ሞክሮ መሳሳት ዋጋ ያስከፍላል። ትምህርት ቤት ማለት ግን በመሠረቱ ያለ ኪሣራ መሳሳት የሚፈቀድበት ቦታ ነው። ከልጁ በፊት የነበሩት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ምን እንደ ሠሩም የሚያሳየው የለም። የካሜራ ሥራ የሚወድ የመካኒሳ አቦ ልጅ «ጉማ»ንም «አስቴር»ንም ሳያይ ባለሙያ ሊባል ይችላል።

በ2014 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ሥራ የማስተርስ ዲግሪ ትምህርት ጀመረ። በመንግሥት ወጪ በአገር ውስጥ ከፍተኛ የፊልም ትምህርት የተሰጠበት መጀመሪያው ይህ ነው፤ ከፊልም ማዕከሉ መቋቋም እስከዚህ 36 ዓመት ያህል አልፏል። በ2017ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የመጀመሪያውን የፊልም ፖሊሲ አጸደቀ። ሁለቱም ትልቅ እርምጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የማስተርስ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣውን የሚቀበል ስለ ሆነ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ገመድ ለሚሸከመው ልጅ በሩ ገና ሩቅ ነው። የሥዕልና የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን የተነሡት ከወጣቱ ነበር፤ ፊልም ግን ከላይ ጀመረ።

ስለሚነሣ አንድ ተቃውሞ

የመንግሥት ገንዘብ የመንግሥትን ቃል ያመጣል፤ ስለዚህ የመንግሥት የፊልም ትምህርት ቤት የፕሮፓጋንዳ ቤት ይሆናል የሚሉ ሰዎች አሉ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚያስታውሰን ነገር አለ። የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት በሮም የፊልም ትምህርት ቤት የመሠረተው በ1935፣ አገራችንን በወረረበት በዚያው ዓመት ነው። ሉቼ የተባለው የመንግሥቱ የፊልም ድርጅትም ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ክፍል አቋቁሞ ወረራውን እንደ ሥልጣኔ አድርጎ ለሕዝቡ ያሳይ ነበር።

ሆኖም ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ከሮም ትምህርት ቤት የወጣው ጁዜፔ ዴ ሳንቲስ በ1949 ያሳየው ፊልም የሩዝ እርሻ ሴቶች ሠራተኞችን ድካም የሚናገር ነበር። መንግሥቱ ወደቀ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ቆመ፣ ተማሪዎቹም መሥራቾቹ ያልፈለጉትን ሠሩ። የሞስኮው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው አንድሬ ታርኮቭስኪም ከመንግሥቱ ጋር ሲታገል ኖሮ አገሩን ለቆ ሞተ። በፑኔ ደግሞ መንግሥት የሾመውን ሊቀመንበር በመቃወም ተማሪዎቹ በ2015 ለ139 ቀን ትምህርት አቆሙ። ከአድመኞቹ አንዷ የነበረችው ፓያል ካፓዲያ በ2024 በካን ታላቁን የዳኞች ሽልማት ተቀበለች።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው ነጻነት ያለ ዋጋ መገኘቱን አይደለም። የምንረዳው መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ከመንግሥት ጋር ያላቸው ግንኙነት ልዩ ልዩ መሆኑን ነው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የታዘዘውን ፊልም ይሠራል፤ ተማሪ ግን የሌሎችን ፊልም አይቶ፣ አነጻጽሮ፣ ተከራክሮ ይወጣል፤ የሚሠራውም ገና ወደፊት ነው። ለመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ይበልጥ የሚመቸው ትምህርት ቤት የሌለው የፊልም መሥሪያ ቤት ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከተው የኢትዮጵያ መንግሥት ለፊልም ፈጽሞ ገንዘብ አላወጣም ማለት አይቻልም። ለማዕከልም ለኮርፖሬሽንም አውጥቷል፤ ለውጭ አገር ትምህርትም ልኳል። ያላደረገው ነገር ተምሮ የመጣው ሰው ተራውን የሚያስተምርበትን ቤት ማቆም ነው። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ የፊልም ትውልድ እንደ መጀመሪያ ሆኖ ሲነሣ ይታያል፤ የ1960ዎቹ ለ1980ዎቹ፣ የ1980ዎቹም ለ2000ዎቹ ያወረሰው እጅግ ጥቂት ነው።

አሁን የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይህን ልማድ ሊሰብር ይችላል። ለዚህም ሦስት ነገሮች የሚያስፈልጉት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጣውን ወጣት የሚቀበል በር ይክፈት፤ በሠርግ ቪዲዮ ቤት የተገኘ ልምድም በመግቢያ ፈተናው እንደ ዕውቀት ይቈጠር። ሁለተኛ፣ በማዕከሉና በኮርፖሬሽኑ ያገለገሉት ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ወደ ክፍል ተጠርተው ያውቁትን ያስተምሩ፤ ቃላቸውም ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ የተሠሩት ፊልሞች ተፈልገው ለተማሪ የሚታዩበት ቦታ ይዘጋጅ። ከሦስቱ ሁለተኛው ጊዜ የማይሰጥ ነው። ኩሌሾቭ ያለ ፊልም አስተምሯል፤ ያለ መምህር ግን ማስተማር አይቻልም፤ የእኛም የመጀመሪያዎቹ መምህራን ዛሬ አዛውንት ናቸው።